ስሙን የማልጽፈው ቅጠል

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አስቀድሜ በስም የምጠራቸው፣ ኋላ ላይ «ሰው እንዲህ አለ፣ ሰው እንዲህ አደረገ» እያልኩ ጥፋትን በማንም ላይ እንዳልበትን ነው።

ዶክተር ገዛኸኝ፤ አለቃዬም መምህሬም። አገር እየዞሩ የመድኃኒት ተክል የሚመረምሩ ሰው ነበሩ።

ሸህ ሙሄ፤ አምባሰል ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ የሚኖሩ የባህል መድኃኒት አዋቂ። ቅጠሉን ያሳዩን እሳቸው ናቸው።

ሉባባ፤ ባለቤቴ። ቤታችንን ያቆመች እሷ ናት፤ እኔ ተራራ ላይ ነበርኩ።

ሀያት፤ የበኩር ልጃችን። ሳውዲ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ለእናቷ ቤት አሠርታ፣ ለራሷ የስኳር በሽታ ይዛ የተመለሰች።

አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ይመር። ሃያ ስድስት ዓመት የተክል ናሙና ስሰበስብ ኖርኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሐይቅ ተቀምጫለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሬ አርፎ አያውቅም። ከውጫሌ፣ ከመርሳ፣ አንዳንዴም ከደሴ ሰው ይመጣል። «ያንን የስኳር ቅጠል ስሙን ንገረን» ይሉኛል። አልነግርም። የባጃጅ ሾፌሮቹ «ጀነትን ቆልፎ ቁልፉን የዋጠ ሽማግሌ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ይበሉ። እዚህም ላይ አልጽፈውም። ለምን እንደማልጽፈው ግን አንድ ሳላስቀር እጽፋለሁ።

ዶክተር ገዛኸኝ ውጫሌ ገበያ ላይ ያገኙኝ ተሸካሚ ሲፈልጉ ነው። እኔ ያኔ ጨው አውራጅ ነበርኩ። አሥር የምንሆን ጎረምሶች ከበናቸው።

«ማንበብ የሚችል ተሸካሚ ነው የምፈልገው» አሉ።

«ጭነቱ ደብዳቤ ነው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። ከመኪናው አሮጌ ጋዜጣ አውጥተው ሰጡኝ። ፊቴ እየቀላ አነበብኩላቸው። በዚያው ቀን ተቀጠርኩ። የቀን አበሉ ለጫማ አይበቃም ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ ይበቃኛል።

ጋዜጣው ለካ የሥራው ዕቃ ነው። የተቆረጠ ተክል የሚደርቀው በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ፣ በሁለት የእንጨት ርብራብ ተጠፍሮ ነው። እርጥበቱ እንዲወጣ ጋዜጣው በየቀኑ ይለወጣል። እኔ የሚለወጠውን አውጥቼ ፀሐይ ላይ እያደረቅኩ አነበው ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ወሬው ሁልጊዜ የሦስትና የአራት ዓመት ስለነበረ፣ ሹም ተሾመ ብዬ ስናገር ሰውየው ከተሻረ ቆይቶ ይገኛል። ሰው ሳቀብኝ፤ እኔ ግን አጥርቶ ማንበብ ተማርኩበት። ሰነፍ ልጅ ያለው አባት ይህን ያንብብለት።

የዶክተር ገዛኸኝን ልማድ እንደ ሃይማኖት ነው የያዝኩት። በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ እርሳስ ብቻ። ናሙናው አልኮል ሲነካው የእስክሪብቶ ቀለም ይታጠባል፤ እርሳስ ግን ይቆያል። መጀመሪያ ያዩትን ተክል አይቆርጡም፤ «ይህ የቦታው ባለቤት ነው» ብለው ያልፉታል። ለመድኃኒት የሚሆን ቅጠል በፀሐይ አያደርቁም፤ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጆንያ ላይ፣ ጠዋትና ማታ እያገላበጡ ነው። የባህል አዋቂ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው ከሰውየው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። የትኛው ክፍል? መቼ? በምን?

ሦስተኛው ላይ ጠበቅ ይሉ ነበር። መድኃኒቱ በውኃ ነው የሚወሰደው፣ በወተት፣ በአረቄ ወይስ በማር? «የሚወሰድበት ነገር የመድኃኒቱ ግማሽ ነው» ይሉ ነበር። ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ። አምባሰልን፣ የግሸንን ዙሪያ፣ የሐይቁን ዳር ዞረን ስንጠይቅ የሚበዛው መልስ «በማር» ነበር። አገሬው መራራ ነገር ያለ ማር አይቀምስም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ሲበዛብኝ «ማ» ብቻ እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ዶክተር አዩብኝ።

«ሙሉውን ጻፍ፣ ይመር።»

«መቼም ይታወቃል ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

«ያሳጠርከው ነገር አንድ ቀን ያልፍሃል» አሉኝ። ላጲስ አምጥተው እያንዳንዱን አስጠፍተው አስጻፉኝ። አኮረፍኳቸው።

ሸህ ሙሄ ቤት የደረስነው ቀትር ላይ ነው። ሸህ ከሰገዱበት አጎዛ ሳይነሱ ዶክተሩን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው።

«አንቱ ዶክተር ነዎት አሉኝ። ከኔ ዘንድ ምን አመጣዎት?»

«የማላውቀውን ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ሸህ።»

«ወላሂ ውሸት ነው! ዶክተር የማያውቀው አለ? የልጅ ልጄን ሲወጋው አንዲት ጥያቄ አልጠየቀንም።»

ዶክተር ከልባቸው ሳቁ፤ ሸህም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ለሚሰበሰብበት ሰው የሚሰጡትን ቅጠል ጓሮ ወስደው አሳዩን። ክፍሉ ቅጠል፣ ጊዜው ሳያብብ፣ ጠዋት።

«በምን?» አሉ ዶክተር።

ሸህ ተቆጡ። «በውኃ ነዋ! ለሌላው በሽታ በማር እሰጣለሁ። ጉንዳን የጠራውን ሰው ግን ማር ላበላው ነው እንዴ? ምሬቱን እንዳለ ይጠጣው!»

«በውኃ» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉውን፣ በእርሳስ። እጄ ናት የጻፈችው።

ቅጠሉን ሐይቅ ባለችው ማድረቂያ ክፍላችን አዘጋጀሁት። ደረቀ፣ ተፈጨ፣ በአልኮል ሦስት ቀን ተዘፈዘፈ፣ ተጣራ፤ አልኮሉ በቀስታ ሲተን እንደ ዝፍት ያለ ጥቁር ነገር ቀረ። ያንን ይዘን አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሄድን፤ አራት ወር ተቀመጥኩ። እዚያ ነው ያየሁትን ያየሁት።

ሕፃን ሲወለድ ከሚጣለው እትብት፣ የደም ሥሩን ውስጥ የሚያለብሱትን ሕዋሳት አውጥተው በሳህን ያሳድጓቸዋል። በእኛ አገር እትብት ይቀበራል እንጂ አይመገብም፤ መጀመሪያ ቀፍፎኝ ነበር። አንዱ ሳህን ደህና ምግብ ተሰጠው። ሁለተኛው ስኳር የበዛበት። ሦስተኛው ያው የበዛ ስኳር፣ ከኛ ቅጠል ጭማቂ ጋር። ከቀናት በኋላ ዶክተር ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሱኝ። የመጀመሪያው እንደ ተነጠፈ ድንጋይ ገጥሞ ተኝቷል። ስኳር የበዛበት ንጣፉ ተነቃቅሏል፤ ሕዋሱ ተሸማቆ በመካከሉ ክፍተት ተከፍቷል። ሦስተኛው ስኳሩ ውስጥ ሆኖ አብዛኛው እንደተነጠፈ ነው።

የኔ ቅጠል! ገደል ለገደል የለቀምኩት! ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደብቅም።

«ዶክተር፣ ዳነ እኮ!»

«ምኑ?»

«ይኸው፣ ደም ሥሩ!»

ቀና አሉና ትከሻዬን ያዙ። «ይመር፣ ይሄ ሳህን ነው። ሳህን አይራብም፣ አይራመድም፣ ጉበት የለውም፣ እናት የለውም። ከዚህ ሳህን እስከ ሰው ድረስ ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ ግሸን በእግር ነው። ገና ከግቢ አልወጣንም።»

ገባኝ አልኩ። ሰው አንድን ነገር በአፉ ተቀብሎ በልቡ ሊክደው እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር።

ለውጡ የመጣ ሰሞን አዲስ ኃላፊ ተሾመልን። ጎበዝ ተናጋሪ ነበር። ሠራተኛውን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ምርምር ከመደርደሪያ ወደ ገበያ ይወርዳል» አለ። ቅጠሉ በጠርሙስ ሊታሸግ፣ «ስኳርን ድል የነሳ» ተብሎ ሊጻፍበት ነው። ዶክተር ገዛኸኝ አልፈርምም አሉ። እኔም እጄን አወጣሁ።

«ጠርሙሱ ላይ እውነቱ ይጻፍበት» አልኩ።

«እውነቱ ምንድን ነው፣ ጋሽ ይመር?»

«አንድ ሳህን አድኗል ተብሎ ይጻፍ። ስኳር የታመመ ሳህን ያለው ሰው ይገዛዋል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው አልሳቀም። ዶክተር በወሩ ጡረታቸውን ጠየቁ፤ እኔ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። የዝውውር ደብዳቤዋን ዛሬም አለኝ። አልጸጸትባትም፤ ደግሜም እለው ነበር።

እንግዲህ አደባባይ ላይ ይህን ያልኩ ሰው፣ ቤቴ ገብቼ ያደረግኩትን ስሙ።

ሀያት ከሳውዲ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ክኒን ትውጣለች፣ መርፌም ትወጋለች። ማቀዝቀዣ ስለሌለን መርፌዋን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ያችን ማሰሮ እንደ ጨቅላ ነበር የምትጠብቃት። ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ መብራት ጠፋ፣ መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ሆኑ። ማሰሮው ውስጥ የቀረው የሁለት ሳምንት አይሞላም።

ጎረቤታችን ቤተሰቡን በአይሱዙ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሊሸሽ ተነሣ። በሬ ላይ ቆመ፤ ሞተሩ አልጠፋም።

«ጋሽ ይመር፣ ልጅቱን ስጠኝ። አዲስ አበባ መድኃኒት አይታጣም።»

«ልጄን ጦርነት መሀል በመኪና አልሰድም።»

«መርፌዋ ሲያልቅስ?»

«ቅጠል አለኝ» አልኩት። «በዓይኔ ያየሁት ቅጠል።»

ሀያት ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሻንጣዋን ይዛለች። እኔ ቤት አባት ከተናገረ በኋላ አይወራም። ሻንጣዋን መልሳ ከአልጋው ሥር ከተተችው። አይሱዙው ሄደ።

ማድረቂያ ክፍላችን ካለበት ከሐይቁ ምርምር ጣቢያ አንድ ጆንያ የደረቀ ቅጠል አውጥቼ ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጣቢያው ተዘርፎ ተቃጠለ። መንገዱ በሁለቱም በኩል ተዘጋ። መርፌው አለቀ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በማንኪያ ለክቼ ለሉባባ እሰጣለሁ፤ እሷ ታዘጋጃለች፣ ሀያት ትጠጣለች። የመጀመሪያው ቀን ነው ሀያት የተናገረችው።

«አባ፣ ይመራል።»

«የሚያድነው መራራው ነው። ጠጪ» ብዬ ወጣሁ።

ወጣሁ። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ የምጽፈው ቆሜ ብጠይቅ ኖሮ ብዬ ነው።

የቧንቧ ውኃ ስላልነበረ ሴቶቹ ከሐይቁ ይቀዱ ነበር። ሀያት ዳር ላይ የጠርሙስ ስባሪ ረግጣ፣ እግሯ ስለደነዘዘ ሳይሰማት ቤት ድረስ መጣች። ሉባባ ናት ደሙን ከደጃፉ ያየችው። ቁስሉ ትንሽ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አውራ ጣቷ ጠቆረ። በሦስተኛው ሽታው ከጓዳ ወጣ። እኔ የማንኪያውን ልክ ጨመርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ከመጸዳጃው ደፍ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። ቁጭ አልኩ። የሸህ ሙሄ ቁጣ በጆሮዬ መጣ፤ የዶክተር እርሳስ በዓይኔ ላይ። ተነሥቼ ገባሁ።

«ሉባባ፣ ቅጠሉን በምንድን ነው የምትሰጫት?»

«በምን ማለት?»

«በምን ትጠጣዋለች ነው የምልሽ!»

«በማር ነዋ! መድኃኒት በምን ሊጠጣ ኖሯል?» ግራ ገብቷት ታየኛለች። «ለመውሊድ ያስቀመጥኩት ነበር። ባዶውንማ ልትውጠው አልቻለችም፤ ታስመልሰዋለች።»

«ስንት ማንኪያ?»

«ሁለት። አንተ ስትጨምር ደግሞ ሦስት።»

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አልጽፍም፤ ግን ሉባባ እንደዚያ ጮኻ መልሳልኝ አታውቅም።

«መቼ ጠየቅኸን? አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ቤት መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ? ‹ጠጪ› ብለህ ትወጣለህ!»

ሀያት ከአልጋዋ ሆና፣ «እማ፣ ተይው» አለች። ያችን «ተይው» አልረሳትም።

መንገድ ሲከፈት በቃሬዛ ደሴ አደረስናት። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ በቃል አላቆሰለንም፤ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ፣ ነፍሷ ተረፈች፤ አልሀምዱሊላህ። ዶክተር ገዛኸኝ ወሬውን ሰምተው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። ከሆስፒታሉ ግቢ ግንብ ላይ ተቀመጥን። ስለ ማሩ ነገርኳቸው፤ እንደ ክስ ነበር የነገርኳቸው።

«ማሩ አባባሰው» አሉ። «ግን ይመር፣ ጥፋቱን ሁሉ ማር ላይ አትድፋው። በውኃም ብትጠጣው ቅጠሉ መርፌውን አይተካም ነበር። በዚያ መኪና መሄድ ነበረባት።»

«ሦስተኛው ሳህን ግን፣ ዶክተር...»

«ሳህን እናት የለውም ብዬህ ነበር። አባትም የለውም።»

ጥሩ ወዳጅ ማለት ይህ ነው፤ የምትሸሸግበትን ጥግ የሚወስድብህ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አገሬው «የሸህ ሙሄ ቅጠል የይመርን ልጅ እግር በላ» አለ። እሳቸው ዘንድ የሚሄድ ሰው ቀረ። እኔ ዝም አልኩ፤ አምስት ወር። እንዲህ ያለውን ዝምታ በልጆቼ ላይ ባገኝ በቀበቶ እገርፍ ነበር። ዝምታውን መሸከም ሲያቅተኝ አምባሰል ወጣሁ። ሸህ እዚያው አጎዛቸው ላይ ናቸው፤ አርጅተዋል።

«በውኃ አላልኩህም፣ ይመር?»

«ብለውኛል። ጽፌዋለሁ።»

«የጻፍከውን ማን አነበበው ታዲያ?»

 በሚቀጥለው ጁምዓ ውጫሌ መስጊድ ከሶላት በኋላ ሰው ሳይበተን ተነሣሁ። ሸህ በውኃ እንዳሉ፣ እኔ ለቤቴ እንዳልነገርኩ፣ ልጄን ከመኪና ያስቀረኋት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ፣ «እና ቅጠሉ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አለ። «ሳህን ላይ ይሠራል» አልኩት። ሳቁ። ይሳቁ። በሳምንቱ ግን ስሙን የሚጠይቁ ሰዎች በሬ ላይ ተሰለፉ። ከንግግሬ ሁሉ የሰሙት «ይሠራል» የምትለዋን ብቻ ነው።

ስለዚህ አልጽፈውም። ምርምሩን የናቅሁ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ቀን መርማሪዎች ከዚያ ሳህን እስከ ሰው ያለውን መንገድ በእግራቸው ይጨርሱት ይሆናል፤ ኢንሻ አላህ። ያን ጊዜ ስሙን፣ ልኩን፣ በምን እንደሚወሰድም እነሱ ይንገሯችሁ። እስከዚያ መርፌያችሁን ውጉ፣ ክኒናችሁን ዋጡ፣ ጫማችሁን አድርጉ። የሚቆጣኝ ይቆጣ። ሀያት ከቤታችን ፊት ትንሽ ሱቅ አላት፤ የሚያስቸግር ሲመጣ የቀሚሷን ጫፍ ከሰው ሠራሹ እግር ላይ ገለጥ ታደርግና፣ «ስሙን አባቴ አይነግራችሁም፤ ዋጋውን እኔ ላሳያችሁ» ትላለች። አብዛኛው ከዚያ ይመለሳል።

ዋጋውን ካነሣን፣ ከሁላችንም የሄደውን ልደምረውና ላብቃ። ዶክተር ገዛኸኝ የሃያ ስድስት ዓመት ወረቀታቸው ከጣቢያው ጋር ጠፋ፤ እርሳስ አልኮልን እንጂ እሳትን አይችልም። ሸህ ሙሄ ስማቸው ግማሹ ነው የተመለሰላቸው። ሉባባ ማር ቤት አታስገባም፤ በመውሊድ እንኳ። ሀያት እግሯን ሰጠች። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ክኒኗን ስትውጥ በሩ ላይ ቆሜ፣ «በምን?» እላታለሁ።

«በውኃ፣ አባ» ትላለች፤ ቀና ብላ ሳታየኝ። ይመራል አይመራል አትለኝም። የሚመራትን ሁሉ አሁን የምትነግረው ለእናቷ ነው።